በሩን የደበቅሁበት አጥር

ይህ በእርግጥ የሆነ ነገር ነው።

እንድታምኑኝ ብዬ አልምልም። መማል ልማዴ አይደለም፤ ቃል መዝኜ የምናገር ሰው ነኝ። እስከ ዛሬም ለማንም አልተነፈስሁትም። አሁን ግን ጊዜ አለኝ። ስለዚህ አንድም ሳልጨምር፣ አንድም ሳልቀንስ እጽፈዋለሁ።

ቀኑ ሐሙስ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። ጠራራ ፀሐይ...

በጨለማ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ሰው በጨለማ ማመካኘት ይችላል። እኔ ግን ሁሉንም ያየሁት በብርሃን ነው።

ሥራዬ የመልክዓ ምድር ንድፍ ነው። መናፈሻ፣ የእግር መንገድ፣ የጎርፍ መውረጃ፣ የሰፈር ሜዳ... ሰዎች በጋራ የሚኖሩበትን መሬት፣ ከራሳቸው ጋር እየተመካከርሁ እነድፋለሁ።

ከሦስት ዓመት በፊት የአንድ ሰፈር ነዋሪዎች ጠሩኝ። በሰፈራቸው የአረጋውያን መኖሪያ አለ። ከመኖሪያው ጀርባ ደግሞ ዝናብ በጣለ ቁጥር ውኃ የሚተኛበት፣ የድሮ ጡብ ፋብሪካ ባዶ ግቢ ነበር። ያንን ግቢ ለአረጋውያኑ መናፈሻ አድርጊልን አሉኝ።

አብዛኞቹ አረጋውያን የመርሳት ሕመም አለባቸው። "ወደ ቤቴ ልሂድ" እያሉ ይወጣሉ። በአንድ በኩል ትልቁ አውራ ጎዳና ነው፤ በሌላው በኩል ወንዙ። በዚያ ዓመት ከወጡት መካከል ሁለቱ አልተመለሱም።

ለእንዲህ ያሉ ሰዎች መናፈሻ ሲነደፍ ሙያው የሚያዝዘው ነገር አለ። መንገዱ የትም ቦታ አይቋረጥም፤ መንገድ ሲያልቅባቸው ይረበሻሉና። ተጠማዝዞ ተጠማዝዞ ወደ ተነሣበት ይመለሳል። በሩ ደግሞ ይደበቃል። በር ያየ ሰው መውጣት ያምረዋል።

በር ያላየ ሰው... ይዞራል።

ሲዞር ጥያቄው ከእሱ ቀድሞ ይደክማል። "ወደ ቤቴ" ብሎ የተነሣው ሰው፣ አንድ ዙር ሲሞላ፣ "እንዴት ያለ ደስ የሚል ቀን ነው" ይላል።

ይህን በሰፈሩ ስብሰባ ላይ ሳስረዳ ሁሉም ራሱን እየነቀነቀ ተስማማ። አንድ ሽማግሌ ብቻ እጃቸውን አወጡ። ጡረታ የወጡ መሬት ቀያሽ ናቸው።

"ልጄ፣" አሉኝ፣ "በር ከሌባ ይደበቃል። ከባለቤቱም ይደበቃል እንዴ?"

"ለደኅንነታቸው ነው፣ ጋሼ።"

"እሱስ ደግ አሰብሽ። ግን ጉድጓድ ስትቆፍሪ አታርቂው። ማን እንደሚገባበት አይታወቅም።"

አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ እሳቸውም እዚያ ገቡ።

እናቴም።

አጥሩ የቁመተ ሰው እጥፍ የሆነ የሳንቃ አጥር ነው። ሐረግ አልብሼዋለሁ። መግቢያና መውጫው አንድ በር ብቻ ነው፤ እሱንም ከዚያው ሳንቃ፣ በዚያው ቀለም አሠራሁት። ከውጭ እጀታ አለው፤ ከውስጥ ምንም የለውም። ከውስጥ የሚከፈተው አንዱን ሳንቃ በወገብ ትክክል ሲገፉት ነው። ሠራተኞቹ ሳንቃውን እንዲለዩት ከሥሩ ጡጫ የሚያህል ቀይ ድንጋይ አስቀመጥሁ።

አንድ ድንጋይ። ይህን ያዙልኝ።

አረጋውያኑ እንዳያዩት በማለት፣ በመኖሪያው ኮሪደር በተሰቀለው ንድፍ ላይ እንኳ በሩን አልሳልሁትም። ባልደረቦቼ ይህን እንደ ብልኀት ቆጠሩልኝ። አጥሩን የማይቋረጥ አንድ መስመር አድርጌ፣ ጫፉን ከጫፉ ጋር ገጥሜ... ዘጋሁት።

እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። በየሐሙሱ ስጠይቃት ክንዴን ይዛ አንድ ነገር ብቻ ትለኝ ነበር።

"ወደ ቤት ውሰጂኝ።"

"እሺ እማዬ። እስቲ መጀመሪያ አንድ ዙር እንዙር።"

እንዞራለን። ትረሳዋለች።

ስምንት ወር ሙሉ እናቴን በገዛ ንድፌ አታለልኋት።

አንድ ሐሙስ የግራጫ ካፖርቴ መካከለኛ ቁልፍ ላልቶ አየችው። ምን እንደ ነካት እንጃ፣ ያን ቀን ልቧ ብሩህ ነበር። መርፌ አስመጥታ፣ ባገኘችው አረንጓዴ ክር ሰፋችልኝ። ለክር መቀስ አንሥታ አታውቅምና፣ በጥርሷ በጠሰችው።

"ያስቃል" አለችኝ። "ግን እናትሽ እንደ ሰፋችው ይታወቅ።"

ያን ክር አልለወጥሁትም። ያን ቀንም እናቴን ወደ ቤት ልመልሳት ወሰንሁ።

እነሆ ያ ሐሙስ ደረሰ። ክፍሏን አዘጋጅቼ፣ የመውጫ ወረቀቱን ፈርሜ፣ ፀሐይ ቢሆንም ያንኑ ካፖርት ለብሼ፣ ታክሲ ይዤ ሄድሁ። መናፈሻው የሚዘጋው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። አልጋዋ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ጠዋት ደውዬ "ዛሬ ቤትሽ ነው የምታድሪው" ብያታለሁ።

"እስከ አሥራ አንድ እጠብቅሻለሁ፣ እህቴ" አለኝ ባለታክሲው። "ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው ቀጥሮኛል።"

"ሩብ ሰዓትም አይፈጅብኝ።"

"ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው" አለና ወንበሩን ወደ ኋላ አጋድሞ ዓይኑን ጨፈነ።

ነርሷ በሩን ከውጭ ከፈተችልኝ። ተጫዋች ልጅ ናት።

"ዛሬ ታርቀናል ማለት ነው?"

"ተጣልተን ነበር?"

"ትናንት ሰላም ስልሽ ዘግተሽኝ አለፍሽ እኮ! አጥሩን ታከሽ ስትሄጂ። ይችኑ ካፖርት ለብሰሽ።"

ትናንት ሌላ ከተማ ስብሰባ ላይ ነበርሁ። ከትናንት በስቲያም።

"ከሌላ ሰው ጋር ተምታቶብሽ ይሆናል።"

"ይሆናል" አለች። ግን አልሳቀችም።

በሩ ከኋላዬ በራሱ ተዘጋ። ቀጭ...

መጀመሪያው አግዳሚ ወንበር ላይ ሁሌም የሚቀመጡ አንዲት እናት አሉ። ያዩትን ሁሉ ጮኸው ስለሚያውጁ ሠራተኞቹ "ሬዲዮ" ይሏቸዋል።

"ዜና! ዜና!" አሉ እንዳዩኝ። "የምትዞረዋ ዛሬ ቆመች!"

"እንደምን ዋሉ፣ እማማ?"

"ውይ! አፍም አላት ለካ!"

ፈገግ ብዬ አለፍሁ። ከዚያ በኋላ ፈገግ ማለቴን አላስታውስም።

እናቴ ከበሩ ትንሽ አለፍ ብሎ ባለው ሰማያዊ ወንበር ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀምጣለች። ቀና ብላ አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ።

"ከየት መጣሽ?"

"ከውጭ ነዋ፣ እማዬ። ልወስድሽ።"

"ከውጭ?"

አንገቷን አዙራ አጥሩን ከዳር እስከ ዳር ቃኘችው። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰች። ክንዴን ያዘች።

ወደ በሩ ሄድን።

ቀዩ ድንጋይ የለም።

አልደነገጥሁም። ንድፉ የእኔ ነው። ከሰማያዊው ወንበር እስከ በሩ ስንት ሳንቃ እንዳለ አውቃለሁ። ቆጥሬ በወገቤ ትክክል ገፋሁ። አልተነቃነቀም። የሚቀጥለውን ገፋሁ። የሚቀጥለውን...

ያን ጊዜ ነው ሁለት ነገር ያየሁት።

አንደኛው፣ ከአጥሩ ሥር ያለው ሣር ተረግጦ ሞቷል። አንድ እግር ብቻ የሚያስኬድ ቀጭን መንገድ፣ አጥሩን ተከትሎ፣ ዓይን እስከሚያደርስ ይሄዳል። እንዲህ ያለ መንገድ በሳምንት አይወጣም። ሥራዬ ስለሆነ አውቃለሁ። ቢያንስ አንድ ዓመት ሙሉ በየቀኑ መረገጥ አለበት። መናፈሻው ከተከፈተ ገና ዘጠነኛ ወሩ ነበር።

ሁለተኛው፣ የሐረጉ ቅጠል በአንድ ከፍታ ላይ ብቻ ተልጧል። ከሥሩ ያለው ሳንቃ እንደ አሮጌ የደረጃ መደገፊያ ልሞ ያብረቀርቃል። ሰው በመዳፉ እየዳሰሰ የዞረበት ይመስላል።

አረጋውያኑ ጎንበስ ያሉ ናቸው። ከፍታው የእነሱ አይደለም።

መዳፌን አስጠጋሁት።

ልክ ነው።

"የት ነው የምንሄደው?" አለች እናቴ።

"ወደ ቤት። አንድ ዙር እንዙርና በሩን እናገኘዋለን።"

ይህን ስል የገዛ ድምፄ አስጠላኝ።

በመታጠፊያው ላይ ቀያሹን አገኘናቸው። በከዘራቸው መሬቱን እየመቱ እርምጃ ይቆጥራሉ። ሁሉን ነገር ረስተዋል፤ መቁጠርን ግን አልረሱም።

"ጋሼ፣ እዚህ አጥሩ ሥር ቀይ ድንጋይ አይተዋል?"

ቆም አሉ። በአንድ ጣታቸው "ቆይ" አሉኝ፤ ቁጥሩ እንዳይጠፋባቸው።

"ዙሩ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት እርምጃ ነበር" አሉ በሹክሹክታ። "ዛሬ ሁለት መቶ አርባ ሆነ።"

"ተሳስተው ይሆናል፣ ጋሼ።"

"አርባ ዓመት መሬት ስለካ ተሳስቼ አላውቅም። መሬቱ ነው የተሳሳተው።"

ከዚያ ኪሳቸውን ገለበጡት።

ቀይ ድንጋይ ወደቀ። ሌላ ቀይ ድንጋይ ወደቀ። ከሌላው ኪስ፣ ከደረት ኪሳቸው፣ ከባርኔጣቸው ውስጥ... ሁሉም ጡጫ የሚያህሉ። ሁሉም ያው ቀይ።

"ከየት አመጧቸው?"

"ከበሮቹ ሥር።"

"በሩ አንድ ነው፣ ጋሼ። ድንጋዩም አንድ ነበር።"

አዘኑልኝ። ዓይናቸው ላይ አየሁት።

"አንቺ የሠራሽው አንድ ነው" አሉ።

ቁጥራቸውን ቀጠሉና ሄዱ።

ዙሩን ጨርሰን ሰማያዊው ወንበር ጋ ስንደርስ ስልኬን አውጥቼ ለነርሷ ደወልሁ።

"በሩን ክፈችልን። ከውስጥ እንቢ ብሎኛል።"

"እሺ፣ መጣሁ... ገባሁ። የት ናችሁ?"

"በሩ አጠገብ። ሰማያዊው ወንበር ጋ።"

"እኔም እዚያው ነኝ።"

ዙሪያዬን አየሁ። ማንም የለም።

"አላይሽም" አልሁ።

"እኔም አላይሽ... ቆይ።" ድምፅዋ ቀነሰ። "ሬዲዮ እዚህ ናቸው። ሲጮኹ አይሰማሽም?"

በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል። "ዜና! ዜና!" ይላሉ። ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት።

ጸጥታ። ቅጠል እንኳ አይንቀሳቀስም።

"ካፖርትሽ ግራጫው ነው አይደል?" አለች ነርሷ፣ ቀስ ብላ።

"አዎ።"

"ጀርባሽን ሰጥተሽኝ ነው ያለሽው? ... እህቴ? ለምን ዞር አትዪም?"

ስልኩ ተቋረጠ።

የእናቴን እጅ ጥብቅ አድርጌ ያዝሁና መራመድ ጀመርሁ። ሁለተኛ ዙር። በንድፌ ላይ አምስት ወንበሮች አሉ። ስድስት ቆጠርሁ። ሦስተኛ ዙር። ስምንት ቆጠርሁ። ሳንቃ ሁሉ ሳንቃ ነው። ገፋሁ። በጡጫዬ ደበደብሁ። "ሰው የለም?" አልሁ። ድምፄ ሐረጉ ውስጥ ገብቶ ቀረ።

ፀሐይዋ ካለችበት አልተነቃነቀችም። ሞቅ ያለ፣ ለስላሳ ቀን ነበር። መንገዱ እግር አይጎዳም፤ ጠጠሩን የመረጥሁት እኔ ነኝ። አበቦቹ ዓይን ይስባሉ፤ እንዲስቡ ብዬ ነው የተከልኋቸው።

"እንዴት ያለ ደስ የሚል ቀን ነው" አልሁ።

እናቴ ቀጥ ብላ ቆመች።

"የት ነበር የምንሄደው?" አልኋት።

ያልሁት እኔ ነኝ። እሷ አይደለችም።

"ወደ ቤት" አለችኝ። "አንቺ ነሽ ያልሽኝ።"

እውነቷን ነው። ታክሲ... ወረቀት... ክፍሏ... አንድ በአንድ፣ ከጥልቅ ጉድጓድ ውኃ እንደሚቀዳ ሰው ጎተትኋቸው። መጡ። ግን ከብደው መጡ።

ማልቀስ ጀመርሁ።

"እማዬ፣ በሩን አጣሁት። በራሴ እጅ ሠርቼ አጣሁት።"

እንባዬን በመሐረቧ ጠረገችልኝ፤ ልጅ ሳለሁ ታደርገው እንደ ነበረው፣ ቆንጠጥ አድርጋ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"እኔ በሩን አውቀዋለሁ።"

"ምን?"

"ሁልጊዜም አውቀዋለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ነው ያገኘሁት። ስፌቱ ያስታውቃል።"

"ታዲያ... ስምንት ወር ሙሉ ለምን አልወጣሽም?"

ሞኝ ጥያቄ እንደ ጠየቅኋት ሁሉ አየችኝ።

"አንቺን ትቼ?"

"እኔ እዚህ አልነበርሁም እኮ፣ እማዬ! የምመጣው ሐሙስ ሐሙስ ነው።"

"በየቀኑ ትዞሪያለሽ" አለች። "አጥሩን እየዳሰስሽ። ብጠራሽ አትሰሚም። ምግብ ባስቀምጥልሽ አትበዪም። ልጄን ትቼ ወዴት እሄዳለሁ?"

ከኋላችን ጠጠር ተንቋቋ።

እርምጃ ነው። የማይቸኩል፣ የማይቆም።

"ዞር እንዳትዪ" አለችኝ።

አልዞርሁም። እናቴ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ሄደች፤ ሐረጉን ገለጥ አድርጋ፣ ሳንቃውን በሁለት ጣቷ ገፋ አደረገችው።

ተከፈተ።

መንገዱ፣ ታክሲው፣ የመኪና ጡሩምባ... ዓለም ሁሉ እዚያው ነበር።

ልወጣ ስል እናቴ ያዘችኝ። ወደ ውስጥ አየች። ወደ እኔ አየች። ፀሐዩ ፊት ለፊት ስለሆነባት ዓይኗ ይጭበረበራል። ፊቴን ዳሰሰች። ከዚያ እጇ ወደ ካፖርቴ ወርዶ መካከለኛውን ቁልፍ ያዘ፤ ጠበቅ ብሎ መሰፋቱን በጣቷ መረመረች።

"ይቺ ናት" አለች።

ቁልፉን እንደገና ነካ አደረገችና...

"መሰለኝ።"

ወጣን። በሩ ተዘጋ። ቀጭ።

"ሁለት ደቂቃ ብትዘገዩ ኖሮ ሄጄ ነበር" አለ ባለታክሲው። ሰዓቴን አየሁ። ለአሥራ አንድ ሁለት ጉዳይ ይላል።

ከዚያ በኋላ ስላሉት ሦስት ሳምንታት ብዙ የምለው የለኝም። እናቴ ቤቷ ገባች። በልታ ጠጥታ ታድራለች። "ወደ ቤት ውሰጂኝ" ማለቱንም ተወችው። አንዳንድ ጊዜ ግን ሥራ ስሠራ ቀና ስል፣ ስታየኝ አገኛታለሁ። የሌላ ሰው እጅ የሰፋውን ልብስ እንደምትመረምር ሁሉ።

እኔም ለሰፈሩ ኮሚቴ ደብዳቤ ጻፍሁ። ንድፉ ስሕተት አለበት፤ ስሕተቱ የእኔ ነው፤ በሩ ይገለጥ አልሁ። ተስማሙ። ሳንቃው ፈርሶ፣ ከሩቅ የሚታይ ሰፊ የብረት በር ተተከለ። ጠባቂም ተመደበለት።

በሩ የሚመረቅበት ቀን ሐሙስ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። ሰማዩ ደመና ስለ ነበረ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ የሰነበተውን ግራጫ ካፖርቴን ለበስሁ። እናቴ ክንዴን ይዛለች። ከውጭ፣ ከበሩ ፊት ቆመናል።

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ውስጡ ሁሉ ይታያል። ሬዲዮ ወንበራቸው ላይ ናቸው። ቀያሹ እየቆጠሩ ያልፋሉ።

ከዚያ በአጥሩ ሥር ባለው ቀጭን መንገድ አንዲት ሴት መጣች።

ግራጫ ካፖርት ለብሳለች።

በመዳፏ ሳንቃዎቹን አንድ በአንድ እየዳሰሰች መጣች። የተከፈተው በር ጋ ስትደርስ ግን እጇ አልወረደም። አየሩን ዳሰሰች። በወገቧ ትክክል ገፋች። ፈቀቅ አለች። እንደገና ገፋች። በፊቷ ምንም የለም። እኛን ታያለች ማለት አልችልም፤ ፊቷ ግን ወደ እኛ ነው።

ፊቱን አውቀዋለሁ። በየጠዋቱ ነው የማጥበው።

"በሩ ክፍት ነው!" ልላት አፌን ከፈትሁ።

የእናቴ ጣቶች ክንዴ ላይ ጠነከሩ። የሴትዮዋን ካፖርት እያየች ነበር። መካከለኛውን ቁልፍ።

አረንጓዴ ክር።

እናቴ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። ወደ ደረቴ አየች። እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ።

ክሩ ጥቁር ነው።

"እማዬ..." አልኋት።

ክንዴን ለቀቀችው። አልተቆጣችም። በስሕተት የሌላ ሰው ልብስ እንዳነሣ ሰው፣ በቀስታ፣ በይቅርታ ነው የለቀቀችው። ከዚያ በተከፈተው በር እጇን ዘርግታ፣ "ነይ ልጄ፣ ቤታችን እንሂድ" አለች።

እኔን አይደለም።

ልይዛት እጄን ሰደድሁ። በመካከላችን አንድ ክንድ የማይሞላ ባዶ አየር ነበር።

መዳፌ ሳንቃ ነካ።

ፀሐይ ያሞቀው፣ በብዙ መዳሰስ የለሰለሰ ሳንቃ። ከፍታው ልክ ነው።